የግራው ሰዓት

በሱስዋ ተራራ ሥር ያለው ዲሽ ትልቅ ነው። ትልቅ ሲባል ሌላው ሰው እንደሚያወራው ዓይነት ትልቅ አይደለም። ዝናብ ቢሞላው የማሳይ ከብት በሙሉ ጠጥቶ ይተርፋል። ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲረዝም አንድ መንደር ያለጊዜው ይመሽበታል። ድሮ የተተከለው ሰውን ከሰው ለማነጋገር ነበር። የባሕር ውስጥ ገመድ መጥቶ ሥራ ሲያስፈታው አስትሮፊዚክስ የሚያስተምሩ ሰዎች ለምነው ወሰዱትና ፊቱን ወደ ሰማይ አዞሩት። ከዚያ ወዲህ ማንንም ከማንም አያነጋግርም። ያዳምጣል፣ በቃ።

ምዋኪዮም እንደዚያው ነበር። ከታይታ ኮረብታዎች የመጣ፣ ረዥም፣ ቀጭን ሰው ነው። የዶክትሬት ተማሪም የዲሹ ረዳትም ሆኖ ሱስዋ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ያወራው ቃል ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ የክብሪት ሣጥን አይሞላም።

ዲሹ ከሰማይ ጥግ የሚመጣ ሹክሹክታ የሚሰማ ስለሆነ አጠገቡ አንድ ሞባይል ካቃጨለ ቀኑን ሙሉ ደንቁሮ ይውላል። ስለዚህ የገባ ሁሉ ስልኩን አጥፍቶ በር ላይ ሁሉ ምዜ፣ አባባ እንደ ማለት፣ ለሚላቸው ለዘበኛው ለሌሻን ያስረክባል፤ እሳቸውም በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይከቱታል። የምዋኪዮ ስልክ ከቆርቆሮው ሥር ተኝቶ ሳምንቱን ይከርማል። ቅዳሜ አውጥቶ ሲከፍተው የደወለለት ሰው የለም። እንደገና አጥፍቶ ይመልሰዋል።

የሚውልበት ክፍል መስኮት የሌለው የብረት ሣጥን ነው። የኮምፒውተሮቹ ጫጫታ ወጥቶ ዲሹን እንዳይረብሽ ተብሎ ግድግዳውም ጣሪያውም በብረት ተለብጧል። ከጠረጴዛው በላይ ቀይ ቁጥር የሚያበሩ ሁለት ሰዓቶች ተሰቅለዋል። የግራው የአገሩ ሰዓት ነው። የቀኙ የዓለም ሰዓት ነው፤ ከግራው ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ሰማይ የሚያዳምጥ ሰው፣ የትም አገር ይሁን፣ ሥራውን የሚመዘግበው በዓለሙ ሰዓት ነው። በግራው ላይ 14 ሲል የምሳ ሳህን ገና አልታጠበም። በቀኙ ላይ 14 ሲል ግን የምዜ ሌሻን ፍየሎች ወደ በረት እየገቡ ነው። ምዋኪዮ የግራውን ቀና ብሎ የሚያየው ለምሳ ብቻ ነበር።

ረዥሙ ዝናብ ሊጀምር ሲል ካጌንዶ በባቡር መጣች።

«ስልክሽን» አሏት ምዜ ሌሻን፣ ቆርቆሮውን እየዘረጉላት።

«ሁለት ናቸው።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው አፌ ነው ምዜ። እሱን ካጠፋሁት እሞታለሁ።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁና ሻንጣዋን ሊቀበል ወደመጣው ምዋኪዮ በአገጫቸው ጠቆሙ። «እሱን ያዢው ልጄ። ይኼ የምታዪው ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፍቶ ነው ያለው። ምናልባት ትከፍቺው እንደሆነ።»

ካጌንዶ የሜሩ ልጅ ናት፤ የማስተርስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። ስሟ በእነሱ ቋንቋ መንገደኛ ማለት ነው፤ መንገደኛዋ ግን ከናይሮቢ አልፋ አታውቅም። ሱስዋ የመጣችው ስድስት ሳምንት ሰማይ ልታዳምጥ፣ በሰማችውም ለወጣት ተመራማሪዎች ሽልማት ልትወዳደር ነበር። ሽልማቱ በዓመት ለአንድ ተማሪ ብቻ የሚሰጥ ነው፦ የደርሶ መልስ ትኬትና በቺሊ በረሃ፣ ከዓለም ትልልቅ ቴሌስኮፖች ሥር፣ አንድ ዓመት ተቀምጦ መሥሪያ ድጎማ። መወዳደር የሚችለው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ብቻ ስለሆነ ዘንድሮ ያመለጠው ለዘለዓለም አመለጠው።

ካላሸነፈች የዲሹ ኃላፊ ዶክተር ኦዴራ እዚያው ሱስዋ የረዳትነት ቦታ አዘጋጅተውላታል።

«ደህና ቦታ ነው» አላት ምዋኪዮ፣ በሁለተኛው ቀን። ለእሱ ይህ እንደ ንግግር ነበር።

«ደህና ነው። ግን እዚህ ከቀረሁ ዲሹን ሳዞር አርጅቼ፣ ምዜ ሌሻን በብስኩት ቆርቆሮ ይቀብሩኛል።»

ምዋኪዮ ወደ ሥራው ዞረ። እሱ እኮ የሚቀበረው እዚያው ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

የዲሹን ልማድ ሁሉም ያውቃል፤ ካጌንዶ የማታውቀው የወቅቱ ውሸታም ማን እንደሆነ ነበር። ዶክተር ኦዴራ በየወቅቱ ከሠራተኞቻቸው አንዱን በምስጢር ውሸታም አድርገው ይሾማሉ። የተሾመው ሰው አንዲት ትንሽ ሣጥን ይቀበላል። ቁልፏን ሲጫናት፣ ከሰማይ ጥግ የመጣ የሚመስል የሰከንድ ሺኛ የምታህል ጩኸት በሽቦ ወደ ዲሹ ትልካለች። ሰውየው በወቅቱ ውስጥ አንዴ፣ በመረጠው ቀን ይጫናታል። ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ በፖስታ ያሽጋል፤ ፖስታው ዶክተሩ ካዝና ውስጥ ይገባል። ሁሉም ሰው አገኘሁ ያለውን ካስረከበ በኋላ ፖስታው ይከፈታል። እውነትን ከውሸት መለየት የሚችል ጆሮ ያለው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ማንም ትንፍሽ አይልም።

በዚያ ወቅት ሹመቱ የደረሰው ለምዋኪዮ ነበር።

«ለሚስትህም አትነግርም» ብለውት ነበር ዶክተር ኦዴራ ሣጥኗን ሲሰጡት።

«ሚስት የለኝም ዶክተር።»

«ለዚህ እኮ ነው የመረጥኩህ።»

ካጌንዶ ያንን የብረት ክፍል በሁለት ሳምንት ገበያ አደረገችው። ታወራለች፣ ታንጎራጉራለች፣ ኮምፒውተሩን ትሰድባለች። እሱ ሦስት ዓመት የሠራውን ሥራ መልሳ ታስተምረዋለች።

«ከሩቅ የመጣ ጩኸት በምን እንደሚለይ ታውቃለህ?»

«በምን?» አላት፣ እንደማያውቅ ሆኖ።

«ይዘገያል። ቀጭኑ ድምፅ ቀድሞ ይገባል፣ ወፍራሙ እግሩን እየጎተተ ኋላ ይደርሳል። መንገድ አድክሞታላ! እዚሁ ሠፈር የተፈለፈለው ግን ፊቱን ታጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ባንድ ላይ ከተፍ ይላል።»

«ድካም ያለበት እውነተኛ ነው በይኛ።»

«እንደሱ ነው። አንተ ግን የትም ሳትሄድ ደክመሃል፤ የት እንደምመድብህ ጨነቀኝ።»

ምዋኪዮ ሳቀ። ምዜ ሌሻን ሳቁን በር ድረስ ሰምተው፣ የታመመች ፍየል መስላቸው ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ዕለት ምዋኪዮ ብቻውን በሆነ ሰዓት ሣጥኗን ከጠረጴዛው ሥር ሳባት። ቁልፏን ተጫነ። ወረቀት አወጣና ሰዓቱን ሊጽፍ እስክሪብቶውን እንዳነሣ የብረቱ በር ተከፈተ። ካጌንዶ ናት። ሁለት እጆቿ ሁለት ሳህን ይዘዋል፤ በሩን የገፋችው በክርኗ ነው። ቻፓቲና ቦሎቄ። ፀጉሯ ላይ የዝናብ ጠብታ አለ። ምዋኪዮ እሷን አየ፣ ቀና ብሎ ሰዓት አየ፣ ጫር ጫር አደረገና ወረቀቱን አጥፎ ተቀመጠበት።

«ምን ደበቅክ?»

«ምንም። ወረቀት ነው።»

«ወረቀት መሆኑን አየሁ፤ ቀበሮ ነው አላልኩም። የፍቅር ደብዳቤ ነው?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። የታይታ ሰው አይቀላም የሚል ካለ ያን ቀን ሱስዋ አልነበረም።

ቻፓቲውን ለሁለት ቆረሰችና ትልቁን ግማሽ ሰጠችው። «ብላ በል፣ ቦሎቄው ሳይቀዘቅዝ።» ጣቷ ጣቱን ነካው። የዓለም ነገሥታት በልተው የማያውቁትን ምሳ በላ። አመሻሹ ላይ ወረቀቱን ሳይገልጠው በፖስታ አሽጎ ላከ።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ካጌንዶ የተቀዳውን ስትመረምር ቆይታ ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሣች።

«አገኘሁ! ምዋኪዮ፣ አገኘሁ!»

«ምን?»

«አልነግርህም! የውድድር ነው። ፖስታው ሳይከፈት የማንንም ማንም አያይም።» ሁለት እጁን ይዛ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አሽከረከረችው፤ ወንበር ወደቀ። «ቺሊ! ቺሊ! የካጌንዶን ጫማ የምትጠብቅ አገር!»

ማምሻውን የማመልከቻዋ የመጀመሪያ ገጽ ከማተሚያው ሲወጣ አጠገቡ የቆመው ምዋኪዮ ነበር። ሊያየው አልፈለገም፤ ዓይን ግን አይታዘዝም። ርዕሱ «ማክሰኞ፣ በ14ኛው ሰዓት ከሰማይ ጥግ የተሰማ ጩኸት» ይላል። ከሥሩ ቀኑ አለ። የእሱ ማክሰኞ ነበር።

ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠው። በፖስታው ውስጥ የጻፈው ቁጥር ትዝ አለው። ደቂቃዋ ጠፍታበታለች፤ 14ቷ ግን ልክ ነች።

ካጌንዶ ቺሊን ልታይ የተነሣችው በእሱ ውሸት ላይ ተሳፍራ ነው።

የሽልማቱ ማስገቢያ ቀን የሚቀጥለው ረቡዕ ነበር። ፖስታው የሚከፈተው ዓርብ። ዝም ካለ፣ በሁለት ቀን ልዩነት ውሸት ይዛ ዳኞች ፊት የቀረበች ልጅ ትባላለች፤ ያ ስም ደግሞ ከሰው ላይ አይለቅም። ከነገራት፣ ቃሉን በላ፤ የወቅቱን ፈተና አበላሸ። ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ላለማየት ፊቱን ያዞራል፦ ካልላከች አትሄድም። እዚህ ትቀራለች። በክርኗ በር እየገፋች ትገባለች፣ ዕድሜ ልክ።

ሐሙስ አልፎ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ ዝም አለ። ከእሷ በፊት እንደነበረው ዝም። አሁን ግን ዝምታው እንደ ድሮው አልመች አለው፤ የሰው ጫማ የተጫማ ያህል ያዘው።

«ደግሞ ጠፋህ» አለችው። «ምን ሆንክ?»

«ሥራ በዝቶብኝ።»

«ዲሹ ሰማይ ያያል፣ አንተ ዲሹን ታያለህ። ምኑ ነው የበዛው?»

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አጥሩ ጋ ፈልጎ አገኛት። የምዜ ሌሻን ፍየሎች ከእግሯ ሥር ሣር ይነጫሉ።

«አትላኪው» አላት።

«ምኑን?»

«ማመልከቻውን። ጩኸቱ የኔ ነው።»

ሳቀች። ፊቱን ስታይ ሳቋን አቋረጠች። «የዘንድሮው ውሸታም አንተ ነህ?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ድካም ነበረበት እኮ። እግሩን ሲጎትት በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሣጥኗ ድካምንም ታስመስላለች።»

«ስንት ሰዓት ላይ ተጫንካት?»

«የዚያን ማክሰኞ፣ 14 ላይ። ደቂቃዋ ጠፍታብኛለች። ፖስታው ካዝና ውስጥ ነው።»

ካጌንዶ አጥሩን ያዘች። የሜሩ ሰው ሲቆጣ ይጮኻል ይባላል። እሷ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ሐሙስ።»

«አምስት ቀን! አምስት ቀን ሙሉ ቻፓቲ ሳካፍልህ።» ወደ ተራራው ዞረች። መልሳ ወደ እሱ ዞራ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሥራህ ቢሆንም አትዋሸኝ። የነገርከኝ እንዳላፍር ነው ወይስ እንድቀር?»

መልስ ነበረው። እንዲያውም ሁለት ነበረው። የቱን እንደሚያስቀድም ሲያመነታ አንዲት ፍየል ከአጥሩ አንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሣር ግጣ ጨረሰች።

«ገባኝ» አለች ካጌንዶና ጥላው ሄደች።

ማመልከቻው የሚዘጋው ረቡዕ በዓለሙ ሰዓት 12 ላይ፣ በግራው 15 ላይ ነበር። ካጌንዶ ከጠዋት ጀምሮ የብረቱ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። ማመልከቻው ፊቷ ተከፍቷል። አትልከውም፣ አትዘጋውምም። ምዋኪዮ ከጎኗ ወንበር ላይ ነው። ሁለት ክንድ የማይሞላ ርቀት ነው በመሃላቸው ያለው፤ ዲሹ እንኳ ወደ እነሱ ቢዞር ግን የአንዱን ለሌላው ማሰማት አይችልም ነበር። ያን ቀን ምሳ የሠራ ሰው አልነበረም።

ምዜ ሌሻን በሩን ከፈቱ። ከመንገድ ዳር ሻይ ቤት ያስመጡትን ሁለት ሳህን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉና አንዱን ከሌላው አዩ።

«የሞተ ሰው ቤት ገባሁ እንዴ? ብሉ እንጂ! ቦሎቄው ሳይቀዘቅዝ።»

ምዋኪዮ ከቻፓቲው ቆርሶ ጎረሰ። ሁልጊዜ ለምሳ እንደሚያደርገው ቀና ብሎ የግራውን ሰዓት አየ። 14:02 ይላል።

እጁ ቀጥ አለ።

ቻፓቲና ቦሎቄ። በክርን የተገፋ በር። ቦሎቄው ትኩስ ነበር። ያን ምሳ በየቀኑ ሲያስታውሰው ነው የከረመው፤ ፀጉሯ ላይ የነበሩትን የዝናብ ጠብታዎች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። አንድ ነገር ግን አላሰበም፦ ምሳ ነበር። በቀኙ ሰዓት 14 ሲል ፍየል ይገባል እንጂ ምሳ አይገባም። ያን ቀን እሷን አይቶ ቀና ሲል ዓይኑ ያረፈው በግራው ላይ ነው። የጻፈው የአገሩን 14 ነው። የእሱ ውሸት በዓለሙ ሰዓት 11 ላይ ነበር። ካጌንዶ ያገኘችው የ14ቱ ሌላ ነው። ማንም ያልላከው ነው።

ቀኙን አየ። 11:03። ሃምሳ ሰባት ደቂቃ።

ጉርሻው አፉ ውስጥ ነበር፤ ማኘክ ጀመረ። እያኘከ ዝም ማለት ይቻላል። ዓርብ ፖስታው ሲከፈት «ሰዓት ተሳስቻለሁ» ቢል ሰው ነው ይሉታል። እሷ ግን ያኔ ቀርታለች። ነገም ከነገ ወዲያም እዚህ ወንበር ላይ ናት። ያቺ ጉርሻ ከሱስዋ እስከ ታይታ ኮረብታዎች ረዘመች፤ ተመልሳም መጣች።

ዋጣት።

«ካጌንዶ። የዚያን ማክሰኞ ደብተርሽን አውጪ። 11ኛውን ሰዓት።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«አውጪው አልኩሽ!»

ጮኸ። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ክፍሉ በብረት ባይለበጥ ኖሮ ናይሮቢ ድረስ በተሰማ። ምዜ ሌሻን ወደ ኋላ ሸሹ። ካጌንዶ የምትመረምረውን ሁሉ የምትጽፍበትን የትምህርት ቤት ደብተሯን ገለጠች። ጣቷ በመስመሮቹ ላይ ወረደና አንድ ቦታ ቆመ።

«11:06» ብላ አነበበች። «አንድ ጩኸት። ከመጠን በላይ ንጹሕ። ድካሙ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። የሰው እጅ አለበት። ጣልኩት።»

«እሱ ነው የኔ።»

«14 ብለኸኝ ነበር።»

«በግራው ነው የጻፍኩት። በግራው ሰዓት።»

«አንተ! ሰማይ የሚያዳምጥ ሰው በግራው ሰዓት?»

«ምሳ ይዘሽ ገባሽ።» ቃል እንደ ድንጋይ እየፈነቀለ ነው የሚያወጣው። «ቀና አልኩ… ፀጉርሽ ላይ ዝናብ ነበረበት። ከዚያ በኋላ የቱን ሰዓት እንዳየሁ አላውቅም።»

ካጌንዶ አየችው። ብዙ አየችው። ምዜ ሌሻን ጣሪያውን መመርመር ጀመሩ።

«ያንተን ውሸት ገና ሳላውቀው ጣልኩት ማለት ነው» አለች በመጨረሻ።

«ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው ብለሽ።»

«የኔውስ?»

«እግሩን ሲጎትት አይቻለሁ አላልሽም?»

እጇን መላኪያው ቁልፍ ላይ አኖረች። አልተጫነችውም። «ከላክሁት ልሄድ እችላለሁ። ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ዝም ማለት ትችል ነበር።»

«ሦስት ዓመት ዝም ብያለሁ። ይበቃኛል።»

በቀኙ ሰዓት 11:49 ሲል ላከችው።

«ይኼው ቀዘቀዘ ቦሎቄው» አሉ ምዜ ሌሻን።

ዓርብ ምዋኪዮ ፖስታው ሳይከፈት ቀደም ብሎ ሁሉንም ለዶክተር ኦዴራ ተናዘዘ። ዶክተሩ ፖስታውን ቀደዱ። ወረቀቱ ላይ 14:06 ይላል።

«ውሸታም አድርጌ ሾምኩህ፤ ውሸቱም አቃተህ፣ ሰዓት ማንበቡም አቃተህ» አሉት። በዚያው ዓመት ለኬፕታውን ጉባኤ የያዙለትን የጉዞ ድጎማ በአንድ እስክሪብቶ ጭረት ሰረዙት። ከዚያ ተቀምጠው የሆነውን አንድም ሳይደብቁ ለሽልማቱ ዳኞች ጻፉ፤ የካጌንዶን ደብተርም አያይዘው ላኩ። ዳኞቹ ካገኘችው ጩኸት ይልቅ የጣለችው በለጠባቸው። ሽልማቱ የእሷ ሆነ።

ሱስዋ ባቡር ጣቢያ የሸኛት እሱ ብቻ ነበር። ሻንጣዋን አስገብቶ ሲወርድ የታሸገ ፖስታ ሰጠችው። በላዩ ላይ የመክፈቻው ቀን ተጽፏል። ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ማክሰኞ።

«ከዚያ በፊት እንዳትከፍተው።»

«ቃሌን አንዴ በልቻለሁ። ታምኚኛለሽ?»

«ትንሽ» አለች። ከዚያም አንገቱን አቅፋ ጆሮው ሥር፣ «ትንሽ ከትንሽ በላይ» አለችው። ባቡሩ ሄደ። ሐዲዱ ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እንደዚያ ዓመት ያለ ረዥም ዓመት በሱስዋ ታይቶ አይታወቅም። ሁለት ዝናብ መጣና ሄደ። ምዋኪዮ ለአንድ ሰው ምሳ ይሠራል፤ ቻፓቲውን ለሁለት ይቆርሳል፣ ሁለቱንም ራሱ ይበላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኩን ከቆርቆሮው አውጥቶ ኮረብታው ላይ ይወጣል። የእሷ ድምፅ ከቺሊ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ እሱ ሲጀምር እሷ ትጀምራለች፣ ሁለቱም ያቆማሉ፣ ሁለቱም «ቀጥል፣ ቀጥይ» ይባባላሉ። እዚያም የምትሠራበት ተራራ ላይ ስልክ ክልክል ነው። ቅዳሜዎቹ እየሳሱ ሄዱ።

በአሥረኛው ወር፣ «ሌላ ዓመት ጨምሪ እያሉኝ ነው» አለችው። «ምን ልበላቸው?»

«ነይ» ሊላት ፈልጎ ነበር። «ሰማዩ እዚያ ይጠራል» አላት።

መልሷ ከወትሮው ይልቅ ዘገየ። ሩቅ ስለሆነ ይሁን፣ ሌላ ይሁን አላወቀም። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ስልኩ አልጠራም። ምዜ ሌሻን እንኳ ቆርቆሮውን ሲከፍቱ ፊቱን ማየት ተዉ።

ፖስታውን ግን አልከፈተም። አንድ ዓመት ሙሉ ትራሱ ሥር አደረ፤ ጫፉ እንኳ አልታጠፈም።

ማክሰኞው ደረሰ። ጠዋት በብረቱ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቀደደው። ከደብተር የተቀደደ ቅጠል ነው፤ እሷ ከመሄዷ በፊት የደርሶ መልስ ትኬቷን እያየች የጻፈችው።

«ማክሰኞ። 14:06። በግራው ሰዓት። ይኼኛው የኔ ነው።»

ሦስት ጊዜ አነበበው። የተጻፈው ከዓመት በፊት ነው፤ ሌላ ዓመት ጨምሪ ሳይሏት፣ እሱም ሰማዩ ይጠራል ሳይላት። ቢሆንም ተነሣና ቦሎቄ ጣደ። ቻፓቲ ጋገረ። አንዱም ክብ አልወጣም። ሁለት ሳህን አቀረበና ተቀመጠ።

14:06 ሆነ። በሩ አልተከፈተም።

14:07። 14:15። ሁለት ሰዓቶች ግድግዳው ላይ ሆነው አንድ ነገር ይሉታል። ቦሎቄው መተንፈሱን አቆመ። 14:30። ምዋኪዮ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሁለተኛውን ሳህን አነሣ፤ የት እንደሚያደርገው ስላላወቀ መልሶ አስቀመጠው።

በ14:41 የብረቱ በር ተገፋ። የገፋው ክርን ነው። ጫማዋ ቀይ አቧራ ሆኗል፣ ፀጉሯ ተፈቷል፣ አንድ ጎማው የተሰበረ ሻንጣ በሁለት እጇ ትጎትታለች። ደፉ ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ዘገየሽ» አላት።

«ከሩቅ ነው የመጣሁት» አለች።

ምዋኪዮ የትኛውንም ሰዓት አላየም። ቻፓቲውን ቆረሰና ትልቁን ግማሽ ሰጣት።